በቤት ስፒከርና ሳብዉፈር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቤት የተሠራ ሳብዉፈር ባሱ ጥርት ብሎ ከመምታት ይልቅ አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዉፈሩ (የባሱ ስፒከር) አይደለም። ዉፈሩ፣ ሳጥኑና በሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር የሚሠሩት አብረው ነው። ኮኑ (የሚርገበገበው የዉፈሩ ሾጣጣ ፊት) ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይጨመቃል፤ የተጨመቀው አየር ደግሞ ኮኑን መልሶ ይገፋዋል። ይህ ግፊት ምን ያህል እንደሚበረታ የሚወስነው የሳጥኑ ሊትር ነው። ስለዚህ ውድ ዉፈር ገዝቶ ሳጥኑን በዓይን ግምት መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዕቅዱ ጀምረን ስፒከሩ ክፍል ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ በሥራው ቅደም ተከተል እንሂድ።

ሳጥኑን በዉፈሩ ኢንች መወሰን

«ባለ 12 ኢንች ዉፈር ስንት ሊትር ሳጥን ይፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። አንዱ ባለ 12 ኢንች በ30 ሊትር ሲመቸው፣ ሌላው 100 ሊትር ይጠይቃል። መልሱ ያለው ከዉፈሩ ጋር በሚመጣው የመረጃ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ካወጣው ጥናት፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ካሳተማቸው ጽሑፎች የመጡ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም።

ሦስቱን ማወቅ ግድ ነው። ኤፍኤስ (Fs) ዉፈሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ቪኤኤስ (Vas) ከኮኑ ማንጠልጠያ ጋር እኩል የሚለጠጠው አየር ስንት ሊትር እንደሆነ ይናገራል። ኪውቲኤስ (Qts) ደግሞ የኮኑ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚገታ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማግኔቱ ኮኑን አጥብቆ ይዞታል ማለት ነው።

የዝግ ሳጥን ሒሳብ በስልክ ካልኩሌተር ያልቃል። ቪኤኤስን ለሳጥኑ ሊትር ያካፍሉ፣ 1 ይደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። ያገኙትን ቁጥር በኪውቲኤስ ሲያባዙት የሳጥኑን አጠቃላይ ኪው (ኮኑ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር)፣ በኤፍኤስ ሲያባዙት ደግሞ ዉፈሩ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚርገበገብበትን ፍሪኩዌንሲ ያገኛሉ። ኤፍኤስ 30 ኸርዝ፣ ኪውቲኤስ 0.4፣ ቪኤኤስ 60 ሊትር የሆነ ዉፈር እንውሰድ። በ30 ሊትር ሳጥን ኪው 0.69፣ ፍሪኩዌንሲው 52 ኸርዝ ይሆናል፤ ባሱ የተስተካከለና የታረመ ነው። ያንኑ ዉፈር 10 ሊትር ውስጥ ብናስገባው ኪው 1.06፣ ፍሪኩዌንሲው 79 ኸርዝ ይደርሳል። ጥልቁ ባስ ይጠፋል፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ያለው ብቻ ተለይቶ ያብጣል። ያ የማጉረምረም ድምጽ የሚመጣው ከዚህ ነው። የኪው ዒላማዎ 0.7 አካባቢ ይሁን።

ዝግ ወይስ ባለ ፖርት (አየር የሚያስወጣ ቱቦ ያለው)? ኤፍኤስን ለኪውኢኤስ (Qes፣ የማግኔቱን ግት ብቻ ለሚያሳየው የወረቀቱ ቁጥር) ያካፍሉ። ውጤቱ ከ50 በታች ከሆነ ዉፈሩ ለዝግ ሳጥን ያደላል፤ 100ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለፖርት። መካከል ላይ ያለው በሁለቱም ይሠራል። የመረጃ ወረቀት ለሌለው ያገለገለ ዉፈር ግን ዝግ ሳጥን ይምረጡ። ዝግ ሳጥን የጥቂት ሊትር ስህተትን ይችላል፤ ፖርት አይችልም። ዊንአይኤስዲ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ሁሉ በግራፍ ያሳያል፤ እንጨት ከመቁረጥ በፊት አንድ ምሽት ለእሱ ይስጡ።

የሳጥኑን ሊትር ከውጭ መለካት

40 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከውጭ ሲለካ 80 ሊትር ነው። ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ከተሠራ ግን ውስጡ 36.4 በ36.4 በ46.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ማለትም 61.5 ሊትር። ከዚያ ላይ የዉፈሩ ማግኔትና ቅርጫት ወደ 2.5 ሊትር፣ የፖርቱ ቱቦ 3.7 ሊትር፣ የማጠናከሪያ እንጨቶቹ 1.3 ሊትር ሲወስዱ በመጨረሻ የሚተርፈው 54 ሊትር ነው። ከ80 ሊትር ሲታይ አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል። ስለዚህ ከሚፈለገው ሊትር ይነሱ፤ ውስጡን የሚይዘውን ሁሉ ይደምሩበት፤ የውጩን መጠን በመጨረሻ ያውጡ።

ብዙዎች ኩብ ቅርጽ ያለው ሳጥን ድምጽ ያበላሻል ብለው ይፈራሉ። ለሳብዉፈር ይህ አያሳስብም። 46 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጠረው የመጀመሪያው የቆመ ሞገድ (በሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ የሚጎላ ድምጽ) 370 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሳብዉፈሩ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ድምጻዊውን የሚያሰማው ዋናው ስፒከር ላይ ግን ጎኖቹ እኩል ባይሆኑ ይመረጣል።

ቀጭን ፖርት፣ በግምት የተቆረጠ ቱቦ

የፖርት ርዝመት ቀመር ይህ ነው፤ የቱቦውን የውስጥ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ይውሰዱ፣ በራሱ ያባዙ፣ ከዚያም በ23,562 ያባዙ። ውጤቱን ለሳጥኑ ሊትርና ለሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ብዜት ያካፍሉ። በመጨረሻ የዲያሜትሩን 0.73 እጥፍ ይቀንሱ። የቀረው የቱቦው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው።

ለ54 ሊትር በ30 ኸርዝ ስናሰላ፣ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 41 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 7.5 ወደ 22፣ ባለ 5 ደግሞ 8.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። አጭሩና ቀጭኑ ቱቦ ለሥራ ስለሚቀል ሰው ወደ እሱ ያዘነብላል። ነገር ግን የባለ 5ቱ አፍ ስፋት የባለ 10ሩ አንድ አራተኛ ስለሆነ ያው አየር በአራት እጥፍ ፍጥነት ማለፍ አለበት። የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ17 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ከባሱ ጋር የመንፋት ድምጽ መሰማት ይጀምራል። ለ10ና ለ12 ኢንች ዉፈር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቱቦ ይጠቀሙ፤ አፉንም ክብ አድርገው ያለስልሱት።

41 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ከላይ ባየነው ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲገባ ከኋላው ግድግዳ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። ይህ አይበቃም። የቱቦው የውስጥ ጫፍ ከማንኛውም ግድግዳ ቢያንስ የራሱን ዲያሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ክርን ገጥሞ ቱቦውን ማጠፍ ያስፈልጋል። ሊትሩን ከውጭ ለክቶ 80 ነው ብሎ ያሰላ ሰው ደግሞ ቱቦውን 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆርጠዋል፤ ሳጥኑም በ30 ፈንታ ወደ 36 ኸርዝ ይቃኛል። በመጀመሪያ ትንሽ አስረዝመው ይቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል።

አንድ አደጋ እዚህ አለ። ከተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ በታች ሳጥኑ ኮኑን መያዝ ያቆማል። 20 ኸርዝ የሚላክበት በ30 የተቃኘ ዉፈር በትንሽ ዋት እንኳ ኮኑ ከልክ በላይ ይወጣና ኮይሉ (ከኮኑ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) ከኋላ ይመታል። አምፕሊፋየሩ ላይ ሳብሶኒክ የሚባል ማጣሪያ ካለ 25 ኸርዝ አካባቢ ያድርጉት፤ ከሌለው ባለ ፖርት ሳጥን ላይ ድምጹን በጣም ከፍ አያድርጉ።

አየር የሚያሾልክና የሚንቀጠቀጥ ሳጥን

ለሳብዉፈር 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ዝቅተኛው ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ የተዘረጋ ጎን ሁሉ፣ ወደ ተቃራኒው ጎን የሚያያይዘው እንጨት ይፈልጋል። መጋጠሚያው በሙሉ የእንጨት ኮላ ይቀባ፤ ቪስ ኮላው እስኪደርቅ የሚይዝ ብቻ ነው። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ቪስ ሲገባበት ስለሚሰነጠቅ አስቀድመው በትራፓኖ ይብሱት። ሲቆርጡ አፍና አፍንጫዎን በትክክለኛ የአቧራ ጭምብል ይሸፍኑ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

የውስጥ ማዕዘኖችን በሲሊኮን መድፈን ጥሩ ነው፤ ዉፈሩን በዚያው ሰዓት መግጠም ግን ስህተት ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ ብረትን ያዝጋል። 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ሽታው ካልጠፋ ይጨምሩበት። ዝግ ሳጥንን ለመፈተሽ ኮኑን በጣቶችዎ እኩል ገፍተው ይልቀቁት፤ ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ደህና ነው። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቦታ ነው።

ኦሙን ሳያሰሉ ማገናኘት

ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ዉፈሮች በፓራለል (+ ከ+፣ − ከ− ጋር) 2 ኦም፣ በሲሪየስ (የአንዱ − ከሌላው + ጋር ተከታትሎ) 8 ኦም ይሆናሉ። ባለ ሁለት ኮይል ዉፈርም እንደዚያው ነው፤ ሁለት 4 ኦም ኮይል ያለው አንድ ዉፈር ሁለቱም ኮይሎች ሲገናኙ 2 ወይም 8 እንጂ 4 ኦም ሊሆን አይችልም። አምፕሊፋየሩ «ቢያንስ 4 ኦም» የሚል ከሆነ 2 ኦም ማገናኘት ትራንዚስተሮቹን ማቃጠል ነው። ከማብራትዎ በፊት በመልቲሜትር ይለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦም 3 እስከ 3.6 ቢያሳይ ትክክል ነው፤ መሣሪያው የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከስሙ ያንሳል።

ፖዘቲቩ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ያስነኩ። ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው + የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ይህን ዉፈር ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ትዊተር (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ በፍጹም።

በዋትና በባስ ቁልፍ ማካካስ

ዋትን እጥፍ ማድረግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። 90 ዴሲቤል ሴንሲቲቪቲ (በአንድ ዋት የሚሰጠው ድምጽ) ያለው ስፒከር በ50 ዋት የሚሰጠውን፣ 87 ዴሲቤል ያለው ለመስጠት 100 ዋት ይፈልጋል። የባስ ቁልፉ ደግሞ የበለጠ ያታልላል፤ 6 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ በዚያ ፍሪኩዌንሲ አራት እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ኮኑም አይችለውም። በዝግ ሳጥን ውስጥ የ60 ኸርዙን ያህል ድምጽ በ30 ኸርዝ ለማግኘት ኮኑ አራት እጥፍ ርቀት መሄድ አለበት፤ ኤክስማክሱ (ኮኑ በደህና የሚሄድበት ርቀት) 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ዉፈር ይህን ከየት ያመጣል? ጥልቅ ባስ የሚገኘው ከሰፊ ኮንና ከትልቅ ሳጥን ነው።

አቅሙ ያለቀ አምፕሊፋየር የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚያበዛና አማካይ ኃይሉን ስለሚያሳድግ በትንሽ አምፕሊፋየርም ትዊተር ይቃጠላል።

ዝግጁ ክሮስኦቨርን ለሁሉም መጠቀም

«3000 ኸርዝ» ተብሎ የሚሸጥ ክሮስኦቨር (ድምጹን ለዉፈሩና ለትዊተሩ የሚያከፋፍል ማጣሪያ) ብዙ ጊዜ ስፒከሩ 8 ኦም እንደሆነ ተደርጎ የተሰላ ነው። በ8 ኦም ላይ 3000 ኸርዝ የሚያጣራው 6.6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ባለ 6 ኦም ትዊተር ላይ 4000፣ ባለ 4 ኦም ላይ 6000 ኸርዝ ይሆናል። ዉፈሩና ትዊተሩ መካከል ያለው ክፍተት ባዶ ይቀራል፤ ድምጻዊው የራቀ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ትዊተሩ ከራሱ ኤፍኤስ ቢያንስ እጥፍ በላይ መጀመር አለበት፤ ኤፍኤሱ 1200 ከሆነ ከ2400 በታች አያውርዱት።

የዉፈሩ ኦም ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ይወጣል፤ በዚህ የተነሳ ከዉፈሩ በፊት ያለው የክሮስኦቨሩ ኮይል የታሰበውን ያህል አያጣራም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከዉፈሩ ጋር በፓራለል አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ተከታትለው ይገናኛሉ። ሬዚስተሩ የዉፈሩ ኮይል ተቃውሞ 1.25 እጥፍ ነው፤ ካፓሲተሩ የኮይሉ ኢንደክታንስ ለሬዚስተሩ ስኩዌር ተካፍሎ ይገኛል። ለ6 ኦምና ለ0.5 ሚሊሄንሪ፣ 7.5 ኦምና 9 ማይክሮፋራድ ገደማ ይወጣል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ኮይሎችን ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ አያስቀምጡ፤ አንዱን አቁመው ሌላውን አስተኝተው አራርቀው ይስቀሉ።

የስፒከሩ ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ከ575 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምጽ ወደ ኋላም ስለሚዞር እስከ 6 ዴሲቤል ይሳሳል። ዝግጁ ክሮስኦቨር ይህን አያውቅም፤ ብዙ የቤት ሥራዎች ስል ድምጽ ብቻ የሚሰማባቸው በዚህ የተነሳ ነው።

የድሮ ስፒከር ሲያድሱ

የተበላው የኮኑ ጠርዝ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ዉፈሩን አይጣሉ፤ ጠርዙ ለብቻው ይቀየራል። ስህተቱ ኮይሉ መሃል ላይ መቀመጡን ሳያረጋግጡ ማጣበቅ ነው። የአቧራ ክዳኑን አንስተው በኮይሉና በመሃል ብረቱ መካከል ዙሪያውን ቀጫጭን ፕላስቲክ ያስገቡ፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ያውጡት። ኮኑን በቀስታ ሲገፉት የመፋቅ ድምጽ መሰማት የለበትም። በተበላሸው ዉፈር ፋንታ ሌላ ተመሳሳይ ኢንች መግጠም ግን የመጀመሪያውን ስህተት መድገም ነው፤ ሳጥኑ የተሰላው ለቀድሞው ቁጥር ነበር።

ሳብዉፈሩን ባዶ ቦታ ላይ ማስቀመጥ

5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርዝ ላይ ይርገበገባል፤ ግድግዳው አጠገብ ይጎላል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። መሃል የተቀመጠ ሰው ያንን ባስ በኢኳላይዘር ሊመልሰው አይችልም፤ የጨመረው ያህል ይጠፋበታል። ቦታ ለመፈለግ ሳብዉፈሩን ራሱን የሚያዳምጡበት ወንበር ላይ ያስቀምጡና የታወቀ የባስ ጊታር መስመር ያጫውቱ። በግድግዳው ዳር እየዞሩ ጆሮዎን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው ያዳምጡ፤ ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው።

ከዚያ የሳብዉፈሩን ክሮስኦቨር 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉ፤ የ80 ኸርዝ ድምጽ ከስፒከሮቹ ጋር አብሮ ያጫውቱ፤ የፌዝ ማብሪያውን (የሳብዉፈሩን ሞገድ የሚገለብጠውን) 0 እና 180 ላይ እያቀያየሩ ከወንበርዎ ሆነው ያዳምጡ። የሚጎላውን ይያዙ፤ የሳብዉፈሩን የድምጽ መጠን የሚያስተካክሉት ከዚህ በኋላ ነው።