ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ሕመም ያለበትን ሰው በቤት ውስጥ እንዴት እንደምንንከባከብ

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሲያስል «ብርድ መቶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በጣርማበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጩ ከባድ ነውና ይህን ማመን ይቀላል። ነገር ግን ወራት የቆየ ሳል፣ ዳገት ላይ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ የደረት መጨነቅና ሲር ሲር የሚል ድምፅ በብርድ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ አስም ነው፤ ወይም የአየር ቧንቧዎችን እያጠበበ የሚሄድ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ነው። ሁለቱም ጨርሰው ባይለቁም፣ በአግባቡ ከተያዙ ሰው አርሶና ነግዶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ይኖራል።

መጀመሪያ ሕመሙን ማስለየት

ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ከሁሉ በፊት አክታ ለቲቢ ይመርመር። እግር የሚያብጥና ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ደግሞ ችግሩ የልብ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ይነገር። አስም አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ይጀምራል፤ መጣ ሄድ ይላል፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል። ቧንቧ የሚያጠበው ሌላው የሳንባ ሕመም ግን ከ40 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ የሚገባ፣ ሻል ቢልም ጨርሶ የማይጠፋ ሕመም ነው።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ባለሙያው «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቶች «ኧረ በፍጹም» ብለው ይመልሱና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ስንት ዓመት በኩበትና በባሕር ዛፍ ጭስ ውስጥ እንጀራ እንደጋገሩም ይንገሩ። ሲጋራ አፋቸውን ነክቶ የማያውቅ ሰዎች ሳንባ በምድጃ ጭስ ብቻ ይጎዳል።

ሁለቱን ፓፎች መለየት

ፓፍ ማለት ተጭኖ የሚረጭ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ አንዱ ርጭትም ፓፍ ይባላል። ሳልቡታሞል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ፓፍ፣ የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ኃይሉ ያልቃል። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ደግሞ የቧንቧውን ውስጣዊ እብጠት የሚያበርድ ነው፤ ውጤቱ የሚታየው በቀናትና በሳምንታት ነው። የቀለሙ ነገር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ስሙን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ።

አብዛኛው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ወዲያው ስለሚያሽል ይወደዳል፤ ሁለተኛው ምንም ያደረገ ስለማይመስል ይተዋል። የአስም ታማሚን ከድንገተኛ ሞት የሚጠብቀው ግን በደህና ቀን፣ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ይኸው ሁለተኛው ነው። ሰማያዊው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አይደለምና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ሁለተኛው ፓፍ ጭስ ለጎዳው ሳንባ ያስፈልግ እንደሆነ ግን ሐኪሙ ይወስን።

«ፓፍ ከለመዱት አይለቅም፣ ክኒን ይሻላል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። አንድ የሳልቡታሞል ርጭት 100 ማይክሮግራም ነው፤ ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን የዚያ 40 እጥፍ ነው። ክኒኑ በደም ዞሮ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ፓፉ ግን በቀጥታ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በእርግጥ የሚሄደው በትክክል ከተሳበ ነው፤ ምላስና ጉሮሮ ላይ የቀረ መድኃኒት ሳንባ አይደርስም።

ከሃይላንድ ስፔሰር መሥራት

መጫኑንና መተንፈሱን እኩል ማስኬድ ለአዋቂም ከባድ ነው። መፍትሔው በመካከል ባዶ ዕቃ ማስገባት ነው፤ ስፔሰር ይባላል። ከመድኃኒት ቤት ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በደንብ ይሠራል።

1. ሃይላንዱን በፈሳሽ ሳሙና ውሃ ያጥቡ፤ በጨርቅ ሳይወለውሉ በአየር ያድርቁ። መወልወል ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው እንዲስብ ያደርገዋል።
2. የፓፉን አፍ ቅርጽ በጠርሙሱ ቂጥ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሽቦ በዚያው ቅርጽ አጥፈው በእሳት አግለው ይብሱት። ቀዳዳው ፓፉን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፤ ክፍተት ካለ በፕላስተር ይድፈኑ።
3. ጠርዙን አለስልሰው ውስጡ የቀረ ቁርጥራጭ እንዳይኖር አራግፉ፤ ክዳኑን ይጣሉ።
4. ፓፉን በደንብ ነቅንቀው ቀዳዳው ውስጥ ይክተቱ። ታማሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይግጠም።
5. አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። ከንፈሩን ሳያነሳ አምስት ጊዜ ያህል በዝግታ ወደ ውስጥ ይሳብና ይተንፍስ።
6. ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙ። ሁለት ሦስቴ አከታትሎ መጫን መድኃኒት ማባከን ነው።

ሕፃናት ጠርሙሱን በከንፈራቸው መግጠም አይችሉም፤ ለእነሱ ጭምብል ያለው ስፔሰር ከጤና ተቋም ይጠይቁ። ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፍ ተጉመጥምጦ ይተፋ፤ ካልሆነ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ብዙዎቹ ፓፎች 200 ጊዜ የሚረጩ ናቸው። በቀን አራት የሚወስድ ሰው በ50 ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ሲጫን ጋዙ ቢወጣም መድኃኒት የለውምና የጀመሩበትን ቀን ቆርቆሮው ላይ ይጻፉ።

ጾም የያዘ ሰው የጠዋቱን ፓፍ መዝለል ከፈለገ የንስሐ አባቱን ያማክር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጸበል ሲሄድ ሁለቱም ፓፎች በከረጢቱ ይሁኑ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ደረት ላይ ሲወርድ ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል።

ጭስና ገለባን ማራቅ

ወጥ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ካልተቻለ ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ ይከፈትና በጋገራ ሰዓት በሩ ክፍት ይሁን። እርጥብ እንጨት አይንደድ። እንጀራ መጋገሩን ደህና ሳንባ ያለው የቤቱ ሰው ይረከብ፤ «የእሷ ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ እናትን ቀስ በቀስ መግደል ነው። በውቂያ ጊዜ ታማሚው ከአውድማው በላይ በኩል፣ ነፋሱ እብቁን ወደ ሌላ አቅጣጫ በሚወስድበት ይቁም፤ ማራገቡን ለሌላ ይተው። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ማቆሙ ከመድኃኒትም ይበልጣል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፍም ከሰል መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ለጤነኛም ገዳይ ነው። ጋቢና ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ይደረብ፤ ከሰሉ ውጭ ይደር።

ትንፋሽ የጠፋ ዕለት

አያስተኙት። አስቀምጠው ወደ ፊት ያጋድሉት፤ ክርኖቹን ጉልበቱ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ። ቀበቶና መቀነት ይፈታ፣ ሰው ከዙሪያው ገለል ይበል። በሃይላንዱ ሰማያዊውን አራት ፓፍ፣ አንድ በአንድ ይስጡ። በከንፈሩ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ «ኡፍ» እያለ ቀስ ብሎ ይተንፍስ።

በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለ አራት ፓፍ ይድገሙና መኪና ይፈልጉ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድኑ መሐል ከተሰረጎደ፣ ድብታ ከያዘው ወይም የሲርታው ድምፅ ሳይሻለው ድንገት ዝም ካለ ግን 20 ደቂቃም አይጠብቁ። መንገድ ላይ በየ20 ደቂቃው እየሰጡ ይሂዱ። መንገዱ ረጅም የሆነባቸው ቀበሌዎች ማን መኪና እንዳለውና ሌሊት እንደሚነሳ አስቀድመው ይወቁ።

ሲደርሱ ስንት ፓፍ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ይንገሩ፤ ካርዱንና ፓፎቹን ያሳዩ። በጭስ ወይም በሲጋራ ሳንባው የቆየ ጉዳት ያለበት ከሆነ ይህንንም ይንገሩ፤ ለእንዲህ ያለ ታማሚ ኦክስጅን የሚሰጠው ተለክቶ፣ የደም ኦክስጅኑ ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ነው። ሲሻለውም ባዶ እጃችሁን አትመለሱ፤ ሁለተኛው፣ የመከላከያው ፓፍ ታዞ እንደሆነ ጠይቁ፣ በባለሙያው ፊት አንድ ጊዜ ስቦ ያሳይ፣ የቀጠሮው ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍ።