የኮምቦልቻው ገንዳ ፓምፕ አየር ሲስብ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ላይ ገስት ሀውስ ወይም የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ሠርታችሁ ኑሯችሁ ውጭ ከሆነ፣ «ፓምፑ ሞቷል፣ አዲስ መግዛት አለብን» የሚል ስልክ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ አረፋ ይዞ ይመጣል? በፓምፑ ግልጽ ክዳን ሥር ውሃው ሳይሞላ ይናጣል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ፓምፑ አልሞተም፤ አየር እየሳበ ነው። ይህ ብልሽት ብዙውን ጊዜ በአንድ የጎማ ቀለበት ያበቃል። ሩቅ ያለ ሰው ግን ይህን ባለማወቅ በከንቱ ሙሉ ፓምፕ ይገዛል።

አየር የሚገባው ከፓምፑ በፊት ባለው፣ ውሃ በሚስበው መስመር ብቻ ነው፤ የፓምፑ ክዳንም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። ከፓምፑ በኋላ ያለው መስመር ግፊት ስላለበት ቢሰነጠቅ ውሃ ይተፋል እንጂ አየር አይስብም። ውሃውን የሚያጣራው ፊልትር አካባቢ መሬቱ ከራሰ ያ ሌላ ችግር ነው። የሚስበው መስመር ቀዳዳ ግን ፓምፑ ሲሠራ ደረቅ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ፓምፑ ሲጠፋ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ስለዚህ የጠፋበትንም ደቂቃ እንዲያዩት አድርጉ።

በድምፅ ብቻ አይሆንም፣ በቪዲዮ ደውሉ። ኮምቦልቻ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው፣ ኮምቦልቻም ላይ ብርሃኑ አልጠፋም። ጥበቃው ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ የዕቃ ስም አትደርድሩባቸው። «አብሽር ጋሼ፣ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉልኝ» ብላችሁ ጀምሩ። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ማንም ክዳን አይንካ። ፊልትሩ አናት ላይ ያለው የአየር ማስወጫም ይከፈት፤ ታምቆ የቆየ አየር ክዳን ሊያፈናጥር ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው የገንዳው ውሃ ልክ ነው። ሙቀት በሚበረታበትና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወቅት ገንዳው ይጎድላል። ውሃው ከስኪመሩ (ከገንዳው ግድግዳ ላይ የላይኛውን ውሃ ከሚስበው ሳጥን) አፍ ግማሽ በታች ከወረደ ስኪመሩ ከውሃው ጋር አየር ይጎትታል። መድኃኒቱ መሙላት ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ልኩ ደህና ከሆነ የፓምፑን ክዳን አስከፍቱና ኦሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) አውጥተው ካሜራው ፊት ቀስ ብለው ያዙሩት። ስንጥቅ፣ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ፣ የተጣበቀ አሸዋ ወይም የቅጠል ቁራጭ ፈልጉ። ጎማው ደህና ከሆነ እሱም መቀመጫውም ተጠርጎ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባ። ቤት ውስጥ ቶሎ እጅ የሚገባው ቫዝሊን ነውና እሱን እንዳይቀቡት አደራ በሉ፤ ከነዳጅ የሚሠራ ቅባት ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል። ከዚያ ፓምፑን በውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን በእጅ ብቻ አጥብቀው ያስነሱት። የታችኛው የማፍሰሻ ክዳንም የራሱ ጎማ አለው፣ አትርሱት።

አረፋው ካልቆመ መገጣጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ። ቧንቧ ሠራተኞች ፓምፑ እየሠራ ውሃ ያፈሱበታል፤ አረፋው የቆመበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ሞተሩ እንዳይረጭ ስለምሰጋ እኔ የምመርጠው የጺም መላጫ አረፋ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ሲቀባ ወደ ውስጥ ተስቦ ይጠፋል። በጣም የምትጠረጥሩት ቧንቧው ፓምፑ ውስጥ የሚገባበትን ባለ ጥርስ መገጣጠሚያ ይሁን። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ከውሃው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌሊት መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ በባዶ ይዞራል፣ ይግላል፣ የፕላስቲኩ ጥርስ ይኮማተራል፣ የዘንጉ ሲልም (ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ጎማው ብቻ ተቀይሮ ይህ ካልታረመ ብልሽቱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ብሬከሩ ይጥፋ፤ የሚበራው ፓምፑ ውሃ መያዙ ታይቶ ነው። በባዶ ሲዞር የሚያጠፋ መከላከያ ማስገጠምም ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

የአገሩ ከፍታም ይታሰብ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ በአንድ አምስተኛ፣ ደሴ ላይ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ደግሞ ይኸው ግፊት ነው። ፓምፑ በተቻለ መጠን ለውሃው ቅርብና ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ከአሜሪካ ፓምፕ ጭኖ መላክን አጥብቄ እቃወማለሁ። እዚያ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ፣ እኛ ጋ 50 ነው። በደቂቃ 3,450 ጊዜ የሚዞረው ሞተር ወደ 2,850 ይወርዳል፣ ሊግልም ይችላል። የባሰው ግን የጥርሱ ነገር ነው። የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች ጥርስ በአንድ ኢንች 11.5፣ እኛ ጋ የሚገኘው የእንግሊዙ ደግሞ 11 ነው። ሲያስገቡት የገጠመ ይመስላል፣ በቴፍሎን ቢጠቀለልም አየር ማስገባቱን አይተውም። ቧንቧውም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች በውጭ ስፋቱ 60.3 ሚሊሜትር ሲሆን በሜትሪኩ የሚቀርበው 63 ነው። ለመንገደኛ የሚሰጠው ኦሪንግና ሲል ብቻ ይሁን፤ እሱም የፓምፑ የስም ሰሌዳ ፎቶ ተልኮላችሁ፣ ሞዴሉ ተነቦ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ አረፋው ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ተቀበረው ቧንቧ ይሄዳል። «ሴራሚኩን እናፍርስ» የሚል ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ቶሎ እሺ አትበሉ። የስኪመሩና የገንዳው ወለል መስመሮች የየራሳቸው ቫልቭ ካላቸው፣ አንዱ ተዘግቶ በሌላው ብቻ ይሞከር። አረፋው የሚጠፋው የትኛው ሲዘጋ እንደሆነ በቪዲዮ ካያችሁ በኋላ ያ መስመር ብቻ ሁለት ጫፉ ተደፍኖ በግፊት ይፈተሽ። ግፊቱ ከወረደ ቁፋሮው በዚያ መስመር ላይ ይጀመር።