አይጥ ሳይነኩ መርዛማነትን መመርመር፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ጅማ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ባህላዊ መድኃኒት ላይ የሚሠራ ተማሪ አይጠፋም። ግራዋ ይሁን እንዶድ፣ ጥያቄው ያው ነው፦ መርዛማ ነው ወይ? አይጥ ሳይገድሉ ለመመለስ ማሰብ ጥሩ ነው። ከአካል ውጭ በሚያድግ ሴል ላይ መሞከር አንዱ መንገድ ነው። ግን ሴልም የራሱ ጣጣ አለው።

ትልቁ ስህተት ኤምቲቲን (ሴል በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ማቅለሚያ) በጭፍን ማመን ነው። ኤምቲቲ ቢጫ ነው፤ ሕያው ሴል ሲያገኘው ሐምራዊ ይሆናል። ችግሩ፣ ፖሊፌኖል የሚባሉት የዕፅዋት ውህዶችም ያለ ምንም ሴል ያንኑ ቀለም ማምጣት ይችላሉ። የቡና ገለባ ኤክስትራክት (በፈሳሽ ተነክሮ የወጣ ንጥር) ስትሞክሩ (ጅማ ላይ ገለባ ሞልቷል) ሴሎቹ አልቀው ቀለሙን የሚለካው ማሽን «ደህና ናቸው» ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ በመመርመሪያው ሳህን ላይ ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ኤክስትራክቱንና ኤምቲቲን ብቻ ጨምራችሁ እዩ። ሐምራዊ ከሆነ ኤምቲቲ ከመጨመራችሁ በፊት ሴሎቹን በደንብ እጠቡ፤ ውጤቱንም በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ ኒውትራል ሬድ በሚባለው ማቅለሚያ፣ አረጋግጡ። ይህችን ቁጥጥር መዝለል ጥናቱን ገደል ይከተዋል።

ሁለተኛው የሴሎቹን ምግብ መርሳት ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይገድላል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የማይቶኮንድሪያን (የሴሉን ጉልበት አመንጪ ክፍል) ሥራ ያግዳል። ግሉኮስ የጠገበ ሴል ግን ያለ ማይቶኮንድሪያም ጉልበት ስለሚያገኝ መርዙን ችሎ ሊያድር ይችላል። ግሉኮሱን ሴሉ በማይቶኮንድሪያ እንዲደገፍ በሚያስገድደው ስኳር፣ በጋላክቶስ፣ ቀይሩና ድገሙት።

«ከእንስሳ ነፃ» ብሎ መጻፍም አለ። ሴሎቹ የሚመገቡት ሴረም ብዙ ጊዜ ከላም ፅንስ ደም ነው የሚገኘው። በኤምስ ምርመራ (አንድ ነገር የባክቴሪያን ዘረመል ይለውጥ እንደሆነ የሚያይ ሙከራ) ላይ የሚጨመረው ኤስ ናይን የተባለው የኢንዛይም ድብልቅም በአብዛኛው ከአይጥ ጉበት ነው። ኤስ ናይንን መተው ደግሞ አያዋጣም፤ ጉበት ከለወጣቸው በኋላ ብቻ የሚመርዙ ነገሮች ያመልጧችኋል። ስለዚህ የተጠቀማችሁትን በግልጽ ጻፉ።

አንድ ነገር ዓይን ይጎዳ እንደሆነ ለማየት ከቄራ በሚመጣ የከብት ዓይን ኮርኒያ (የዓይን ብሌን የፊት ግልጽ ሽፋን) መሞከር ብልህነት ነው። ከባድ ጉዳትን ይለያል፤ ምንም የማያደርገውንም ይለያል። መካከለኛውን ግን አይወስንም።

አይጥ የግድ ካስፈለገ፣ ግማሾቹ እስኪሞቱ የሚቆጠርበትን የኦኢሲዲ (የሙከራ መመሪያ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት) መመሪያ 401 ከአሮጌ ጽሑፍ አትገልብጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰርዟል። ጥቂት እንስሳ በሚጠይቁት መመሪያዎች 420፣ 423 ወይም 425 ሥሩ፤ በ423 በየደረጃው ሦስት እንስሳ ይበቃል።