በሉፐስ ሕክምና የላቦራቶሪ ወረቀት የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ባሕር ዳር ላይ ከላቦራቶሪ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ውጤቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሚያውቀው የጤና ባለሙያ ይልካል። "ፖዚቲቭ" የምትለዋ ቃል ቤቱን ሁሉ ታስጨንቃለች። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) ሲጠረጠር ግን ለብቻዋ ብዙ አትነግርም። የደም ውጤት መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳው ከሕመሙ ምልክትና ከታማሚው ታሪክ ጋር ሲነበብ ነው። የተለመዱት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው።

"ኤኤንኤ ፖዚቲቭ ነው፣ ስለዚህ ሉፐስ ነው" ማለት። ኤኤንኤ የራስን ሴል አስኳል የሚያነጣጥር አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ነው፤ ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኝበታል። ግን ጤነኛ ሰው ላይም፣ ቲቢ ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ላይም ይገኛል። በእኛ አካባቢ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ነው። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ወረርሽኙ ብዙ ሰው ጎድቷል። ረጅም ትኩሳት፣ ክሳት፣ የደም ሴል ማነስ፣ ያበጠ ጣፊያ፣ አንዳንዴም ፖዚቲቭ ኤኤንኤ፤ ሉፐስን ይመስላል። ሉፐስ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ስቴሮይድ) ቢጀመር ግን ካላዛሩ ይብሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ካላዛር ባለባቸው መተማ ወይም ሁመራ ከርመው ከተመለሱ፣ ሳይጠየቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ኤኤንኤን በየቀጠሮው ማስደገም። የገንዘብ ብክነት ነው። በሽታው ተኛም ተነሣም ኤኤንኤ ብዙውን ጊዜ ፖዚቲቭ ሆኖ ይቀጥላል። ለክትትል የሚጠቅሙት አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ (ዲኤንኤን የሚያነጣጥር አንቲቦዲ)፣ ሲ3 እና ሲ4 (ሉፐስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀንሱ የደም ፕሮቲኖች)፣ የደም ሴል ቆጠራና ሽንት ናቸው።

ቁጥሩን ብቻ ማከም። አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤው ከፍ ብሎ፣ ሲ3 ዝቅ ብሎ ሰውየው ግን ደህና የሆነበት ጊዜ አለ። ያኔ ቀጠሮውን ማቀራረብ እንጂ ፕሬድኒሶሎን መጨመር አያስፈልግም። ስቴሮይድ ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ደግሞም አንዱን ውጤት ከባሕር ዳር፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ አምጥቶ ማነጻጸር አያስኬድም። የመመርመሪያው ዘዴ ከተለያየ ቁጥሩም ይለያያል። ከተቻለ አንድ ቦታ ይመርመሩ፣ የድሮ ወረቀቶችንም አይጣሉ።

ሽንትን መናቅ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል፤ ምርመራው ከሁሉም ርካሹ ነውና። ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ መጀመሪያ ላይ አያምም። ሽንቱ አረፋ ሲያበዛ፣ እግር ሲያብጥ ብዙ ጊዜ አልፏል። በሽንት ያለው ፕሮቲን ከክሬያቲኒን (ኩላሊት በሽንት ከሚያስወግደው ቆሻሻ) ጋር ሲነጻጸር ከ0.5 ግራም በግራም በላይ ከሆነና ካልወረደ፣ የኩላሊት ባዮፕሲ (ከኩላሊት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ጥያቄ ይነሣል። ማይኮፌኖሌት ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉት መከላከያን የሚያዳክሙ ጠንከር ያሉ መድኃኒቶች ያስፈልጉ እንደሆነ የሚለየው በዋናነት ባዮፕሲው ነው፤ እስካሁን የሚተካው የደም ምርመራ የለም። የጠዋት ሽንት ይስጡ። በወር አበባ ቀናት የተሰጠ ሽንት ያሳስታል።

ትኩሳት በመጣ ቁጥር "ሉፐሱ ተነሣ" ማለት። ሉፐስ ሲነሣ ሲአርፒ (በደም የሚለካ የብግነት ምልክት) ብዙ ጊዜ በጣም አይጨምርም፤ መገጣጠሚያ ሲያብጥ ወይም የልብና የሳንባ ሽፋን ሲቆጣ ግን ሊጨምር ይችላል። ትኩሳትና ከፍ ያለ ሲአርፒ አብረው ሲመጡ ስቴሮይድ ከመጨመሩ በፊት ኢንፌክሽን ይፈለግ።

እርግዝና የምታስብ ሴት ሳትመረመር መቅረቷ። አንቲ ሮ የተባለ አንቲቦዲ ካለባቸው እናቶች ከመቶ በሁለት ያህሉ ፅንሱ የልብ ምት መተላለፊያ መዘጋት (የምቱ መዘግየት) ይገጥመዋል። የሉፐስ መሠረታዊ መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይህን አደጋ ይቀንሳልና አርግዣለሁ ብላ እንዳታቆመው። ማይኮፌኖሌት ግን ከእርግዝና በፊት መቀየር አለበት። አንቲፎስፎሊፒድ (ደም እንዲረጋ የሚያደርግ አንቲቦዲ) ፖዚቲቭ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ውጤቱ ሲስተካከል መድኃኒት ማቆም። ቁጥሩን ያስተካከለው ብዙ ጊዜ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ጸበልም ይግቡ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ዓይናቸውን ይታዩ። ፕሬድኒሶሎንን ግን በአንዴ እንዳያቋርጡ አደራ፤ ለወራት ሲወስዱት ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ) ማምረት ይቀንሳል፣ በድንገት ሲቆም ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሊያልቅ ሲል ጥቂት ቀን ቀድመው ይግዙ።