በክረምት የሪሞት አውሮፕላን ስታበሩ እጃችሁ እንዳይደነዝዝ

እዚህ ሚኒሶታ ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው አውሮፕላኑን ቤዝመንት ውስጥ ይሰቅልና እስከ ኤፕሪል ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ግን ወቅቱን እወደዋለሁ። ሐይቅ በረዶ ሲሆን ከየትኛውም ሜዳ የተሻለ ማኮብኮቢያ ይወጣዋል። ዛፍ የለም፣ የመብራት ሽቦ የለም። ጎማውን ፈትቶ ትንንሽ የበረዶ መንሸራተቻ (ስኪ) መግጠም ነው የሚቀረው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ክንፉን በደንብ ይሸከማል።

ችግሩ ያለው አውራ ጣት ላይ ነው። ሪሞቱ ላይ ያለችውን መንጃ ዘንግ፣ ስቲኩን፣ የምናንቀሳቅሰው በሚሊሜትር ነው። ጣት ከደነዘዘ ያቺ ሚሊሜትር አትታወቅም። ይባስ ብሎ በጣም ስስ እጅ የሚያስፈልገው ስናሳርፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጣታችን ብርድ ላይ ብዙ ደቂቃ ቆይቷል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ወፍራም ጓንት ነው። አይሆንም። በወፍራም ጓንት ስቲክ መያዝ እንጀራ በማንኪያ እንደ መቁረስ ነው። ጣቱ ባዶውን ይሁን፣ ያለበት ቦታ ይሙቅ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ገላ

ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ መሀል ይሰበስባል። መጀመሪያ የሚጎድልበት ጣት ነው። ደረታችሁ ከበረደው ምንም ብታጠልቁ እጃችሁ አይሞቅም። ይህ ጨዋታ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ የሚያሞቅ እንቅስቃሴ የለውም። ስለዚህ በእግር ስትሄዱ ከምትለብሱት አንድ ድርብ ጨምሩ። ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ልብስ ይሁን። ጋቢ ይዛችሁ ከመጣችሁ መኪና ውስጥ ተጠቅለሉበት፣ በረዶ ላይ ግን አይሆንም። ጥጥ ነው፤ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ራሱ ያበርዳል።

ሁለት ቦታ ይረሳል። አንዱ አንገት ነው። ወደ ሰማይ ስታዩ አገጫችሁ ቀና ይልና የጃኬቱ አንገት ይከፈታል፣ ብርዱ በዚያ ሰተት ብሎ ይገባል። ሁለተኛው የእጅ አንጓ ነው። ወደ ጣት የሚሄደው ደም አንጓ ላይ ለቆዳው ቅርብ ሆኖ ያልፋል። የድሮ የሱፍ ካልሲ የእግሩን በኩል ቁረጡና ቀሪውን አንጓችሁ ላይ አጥልቁት። በነጻ ነው፣ ከሚገዛውም አያንስም። ለእግራችሁ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ካርቶን አንጥፋችሁ ቁሙበት።

ነፋስና ፀሐይ

ቴርሞሜትሩ በሴልሺየስ 10 ከዜሮ በታች ቢልም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ካለ ገላ የሚሰማው 20 ከዜሮ በታች ያህል ነው። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ክፉው ነፋስ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል ማለት ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ቀትርም ቢሆን ዝቅ ብላ ነው የምትውለው፤ ጠዋት ከሄዳችሁ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ከሰዓት በኋላ ውጡ። ፀሐይዋ ወደ ቀኝ ትዞርላችኋለች፣ ቀኑም ትንሽ ይሞቃል።

የምትቆሙት ሐይቅ ላይ ከሆነ የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች ጥርት ያለ በረዶ ይላል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆፍራችሁ ለኩ። ሌላ ሰው ቆሞበት ማየት ልኬት አይደለም።

ጓንት ወይስ ከረጢት?

ከዜሮ በላይ ከሆነ ስስ ጓንት ይበቃል። የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ ቁረጡት። በባትሪ የሚሞቁ ጓንቶችን አልወዳቸውም። ውድ ናቸው፣ ሞክሬ ያየኋቸውም ሙቀቱን የሚሰጡት ለእጅ ጀርባ ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ እዚያው እንደበረደው ይቀራል።

ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ሪሞቱ ራሱ የሚገባበት ከረጢት ያስፈልጋል። ላዩ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፣ በሁለቱ ጎን እጅ ማስገቢያ እጅጌ አለው። ተሠርቶ ይሸጣል፣ ልብስ ሰፊ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ከአሮጌ ጃኬት ይወጣል። ስታሰፉ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ፕላስቲኩን ከመስፋታችሁ በፊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ እጠፉት፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ ተዉት። ጣሪያው ስቲኩ ላይ እንዳይተኛ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ደግፉት። ደግሞም የሚያብረቀርቀውን የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ወይም ፎይል ከውስጥ አትለጥፉ። ሙቀት ይይዛል ብሎ የሚመክር አይጠፋም። ብረት ነው፣ የሪሞቱን ሲግናል ይዘጋል። ጨርቅና ስፖንጅ ግን ምንም አያደርጉም።

የከረጢቱ የፕላስቲክ መስኮት በእጃችሁ እርጥበት ጉም ይለብሳል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ከውስጥ በኩል በደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ድረስ ጥረጉበት።

እጅ ማስገባትና ማውጣት

ይሄ ነው አስቸጋሪው፤ ሻጮቹም አይነግሯችሁም። እጃችሁ ከረጢት ውስጥ ሲገባ በዓይን የለመዳችኋቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች በሙሉ በዳሰሳ የሚገኙ ይሆናሉ። እጅጌው ደግሞ ስትገቡም ስትወጡም ስቲኩን ይዞ ሊገፋው ይችላል።

የአንድ ወዳጄን ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ እግሩ ሥር ቆሟል፣ ባትሪው ተሰክቷል። አፍንጫውን ሊጠርግ ቀኝ እጁን አወጣ፣ ከዚያ መልሶ ሲያስገባ የእጅጌው ላስቲክ ሞተር የሚያፈጥነውን ስቲክ ይዞ ወደ ላይ ወሰደው። አውሮፕላኑ ሰው ሳያዘው ተነሥቶ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሄደና ዓሣ አጥማጆች የሚቀመጡባት የእንጨት ጎጆ ላይ ተላተመ። ውስጥ የነበሩት ሰውዬ ቡናቸውን እንደያዙ ነው የወጡት። ፕሮፔለሩ ወዳጄ እግር ላይ ቢዞር ኖሮ ግን የሚያስቅ ነገር አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ የሚቆልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ሪሞቱ ላይ አዘጋጁ። የዛሬ ሪሞቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ይፈቅዳሉ። ያንን ማብሪያ ብቻ በትንሽ የጎማ ቀለበት ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ከሌሎቹ ለዩት፣ ጣታችሁ ሳያይ ይወቀው። ደንቡ አንድ ነው፦ እጅ ሲገባም ሲወጣም ሞተሩ ተቆልፏል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ከሆነ ለዚህ ደንብ ምንም ምክንያት አይቀርብበትም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሪሞቱን አብሩ፣ ሞተሩን ቆልፉ፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት፣ ማንጠልጠያውን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። ከዚያ በስስ ጓንት የአውሮፕላኑን ባትሪ ሰኩ። ጓንቱን አውልቁና ሁለቱንም እጅ አስገቡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትጠቀሙባቸውን ማብሪያዎች በየተራ ንኩ። ክንፉና ጭራው በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸውን እዩ። የሞተሩን ቁልፍ የምትፈቱት በመጨረሻ ነው።

ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ ሶፋ ላይ፣ ቲቪ እያያችሁ። የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ (ሲሙሌተር) ካላችሁ ደግሞ ከነከረጢቱ ብረሩ። የሚያስቅ ይመስላል፣ ሚስቴም ስቃብኛለች፣ ግን ይሠራል።

በእጅ ተወርውሮ ለሚነሣ አውሮፕላን ወርዋሪ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስኪ ያለውን ይዛችሁ ውጡ። በአንድ እጅ ወርውሮ በዚያው እጅ እጅጌ ፍለጋ መግባት አውሮፕላን ያስወድቃል።

ማሞቂያውና ስቲኩ

የሚጣሉት ማሞቂያ ከረጢቶች ውስጥ የብረት ብናኝ አለ። አየር ሲያገኝ ይዝግና ይሞቃል። ስለዚህ ከመኪና ሳትወጡ ክፈቷቸው፣ እስኪግሉ ጊዜ ይወስዳሉ። ከሪሞቱ ጀርባ፣ ሌሎቹ ጣቶች በሚያርፉበት በግራና በቀኝ ለጥፏቸው። ባዶ ቆዳ ላይ አታድርጓቸው፣ ያቃጥላሉ። ስትጨርሱ አየር በማያስገባ የዚፕ ፕላስቲክ ከዘጋችሁባቸው ይቆማሉ፤ ማግስቱን ቀሪውን ትጠቀማላችሁ።

የስቲኩ ጫፍ አሉሚኒየም ከሆነ ሙቀት ከጣት ይመጥጣል። የሲሊከን ቱቦ ቁራጭ አልብሱት። ጉዳዩ ያለቀ ነው።

ሜታኖል ባለው ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ያላችሁ ደግሞ ነዳጁን እጃችሁ ላይ አታፍስሱ። ሲተን ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። ስትሞሉ የጎማ ጓንት፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ።

ሊቲየም ባትሪም እንደ ጣት ብርድ አይወድም፤ ሲበርደው ጉልበቱ ይወርዳል። የምሳ ዕቃ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አድርጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትክተቱት። የሪሞቱን የበረራ ጊዜ ቆጣሪም ከበጋው በሁለት ደቂቃ አሳጥሩት። ለባትሪው ብቻ አይደለም፣ ለጣታችሁም ነው።

ጣቱ እምቢ ካለ

መቆንጠጥ ከጀመረ አሳርፉ። መቆንጠጡ ቆሞ ምንም ካልተሰማችሁ አልሞቀም፣ ብሶበታል። ጣቱ ከነጣና ከደነዘዘ ወደ መኪና ገብታችሁ ብብት ውስጥ ያዙት። አትሹት፣ በረዶ አትቀቡት፣ ከመኪናው ማሞቂያ አፍ ላይ አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይታወቀውም። ቤት ካላችሁ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ቆዳው እንደ ሰም ጠጥሮ ከቀረ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቤት ስትገቡ ሪሞቱን ቶሎ ከሻንጣው አታውጡት፤ የቤቱ ሞቃት አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሠራበታል። እንደተዘጋ ይሙቅ። ባትሪውንም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቻርጅ ላይ አታድርጉት። ከዜሮ በታች እያለ ቻርጅ የተደረገ ሊቲየም ውስጡ ይበላሻል፣ ከውጭ ምንም ሳያሳይ።