የሐበሻ ጥድን ከፈረንጅ ጥድ እንዴት እንለያለን?

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ችግኝ የሚፈልግ ሰው “ጥድ” ብሎ ብቻ ከጠየቀ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ሊሰጡት ይችላሉ። የፈረንጁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ለአጥርም ሲከረከም ይስማማዋል። የሐበሻው ዝግ ብሎ ያድጋል፣ እንጨቱን ግን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ለቋሚ እንጨት ብሎ የፈረንጁን የተከለ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ፍሬ ካለ ጥርጣሬ የለም። የሐበሻው ፍሬ ክብና ለስላሳ ነው፤ ከ8 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ያለው ነጭ አመዳይ በጣት ሲታሽ ይለቃል። ሲጨመቅ ይፈርጥና ክንፍ የሌላቸው ጥቂት ጠንካራ ዘሮች ይወጣሉ። የፈረንጁ ፍሬ ግን እንጨት ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከ6 እስከ 8 ክፋዮች አሉት፤ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ትንሽ ሹል ጉጥ አለው። ሲደርቅ በክፋዮቹ መጋጠሚያ ይሰነጠቅና ጠባብ ክንፍ ያላቸው ብዙ ጥቃቅን ዘሮች ይበትናል።

ፍሬ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው፤ ወንዱ ፍሬ አይዝም። የፈረንጁም ዘወትር ከተከረከመ ፍሬው ይጠፋል፤ መቀስ ያልነካውን የውስጥ ቅርንጫፍ ይፈትሹ።

ስህተት የሚበዛው ችግኝ ላይ ነው። ሁለቱም ሲበቅሉ ቅጠላቸው መርፌ መሳይ ስለሆነ “የሚዋጋው የሐበሻው ነው” የሚለው መለያ ለጨቅላ ችግኝ አይሠራም። የታችኛውን ቅጠል ትተው ላይ ያሉትን አዳዲስ የጎን ቅርንጫፎች ይዩ። የፈረንጁ እዚያ ቶሎ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ደቃቅ ቅጠል ያወጣል። የሐበሻው መርፌውን ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ሲዳሰስም ይዋጋል። በቀለም አይፍረዱ፤ ጥላና የውኃ እጥረት ይለውጡታል።

ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ችግኝ ጣቢያውን ይጠይቁ። የሐበሻውን በተፈጥሮ ቦታው ማየት የሚፈልግ ከኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የየጎፍ ደን ያገኘዋል። ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍሬ አንስተው ከፈረንጁ ፍሬ ጋር በአንድ መዳፍ ላይ ካዩ በኋላ ሁለቱን ማምታታት ይከብዳል።