ፖላራይዘር ሲገጠም ካሜራው ለምን ያስቸግራል? ሊኒየርና ሰርኩላር ፊልተርን የመለየት ችግርና መፍትሔ

ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ሥራ በሚበዛበት የጥር ሰሞን ጎንደር ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ፖላራይዘር ፊልተር፣ ማለትም ነጸብራቅን ለመቀነስ በሌንስ ፊት ተገጥሞ የሚዞር መስታወት፣ ይፈልጋል። በፋሲል ግቢ ከሚነሱት ሙሽሮች በስተኋላ ያለው ሰማይ ጠቆር ብሎ እንዲወጣ፣ የሠርጉ መኪና መስታወትም ደመናውን ሳይሆን ውስጥ የተቀመጡትን እንዲያሳይ ይሻል። ይሁን እንጂ ፊልተሩ ብዙ ጊዜ በውሰት ወይም ከአሮጌ ካሜራ ጋር ተያይዞ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከሁለቱ ዓይነቶች ሊኒየር ይሁን ሰርኩላር ሳይጣራ ሌንስ ላይ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ለሚፈጠረው ችግር የሚወቀሰው ሌንሱ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ምንም ያልሆነ ሌንስ ለጥገና ሰጥቼ ለሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ፤ ጥፋቱ የፊልተሩ እንደነበረ የገባኝ ሌንሱ ተመልሶ ያለ ፊልተር ሲሠራ ካየሁ በኋላ ነው።

ስሙ ራሱ ስለሚያሳስት ከዚያ ልጀምር። ሁለቱም ፊልተሮች ክብ ናቸው፤ «ሰርኩላር» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ቅርጹ ሳይሆን ፊልተሩን አልፎ ወደ ካሜራው ስለሚገባው ብርሃን ነው። ከፀሐይ የሚመጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል፤ ከውኃ፣ ከቅጠልና ከመስታወት ሲንፀባረቅ ወይም በሰማይ ላይ ሲበተን ግን አንደኛው አቅጣጫ ይበዛበታል። ሊኒየር ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ሰርኩላሩም ይህንኑ ያደርጋል፤ ነገር ግን ከበስተኋላው ሁለተኛ ስስ ንጣፍ ስላለው፣ ያለፈው ብርሃን ርግብግቢቱ እየዞረ እንዲሄድ ያደርገዋል። በፎቶው ላይ የሚታየው ውጤት አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱ የሚገለጠው በካሜራው ውስጥ ነው።

ምልክት፦ አውቶፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ያዘ ሲባልም ፎቶው ይደበዝዛል፤ ፊልተሩ በዞረ ቁጥር የብርሃን ልኬቱ ይለዋወጣል

ይህ ምልክት በዋናነት የሚታየው በዲኤስኤልአር ካሜራ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ውስጥ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለ። መስታወቱ አብዛኛውን ብርሃን ወደ መመልከቻውና ወደ ብርሃን መለኪያው ሲመልስ፣ መካከሉ ግን ከፊሉን ያሳልፋል፤ ያለፈውም ከኋላ ባለ ትንሽ መስታወት ተመልሶ በካሜራው ወለል ላይ ወዳለው የፎከስ ሴንሰር ይወርዳል። በዚህ መልኩ ባዘነበለ መስታወት ላይ ምን ያህሉ እንደሚመለስና ምን ያህሉ እንደሚያልፍ የሚወስነው የብርሃኑ ርግብግቢት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሊኒየር ፊልተር በዞረ ቁጥር ክፍፍሉ ይዛባል፤ መለኪያው ፎቶውን ወደሚቀርጸው ዋናው ሴንሰር የሚደርሰውን ብርሃን በትክክል ማወቅ ይሳነዋል፣ ፎከሱም እንደ አቅጣጫው አንዴ በቂ ብርሃን ያገኛል፣ አንዴ ያጣል። ሰርኩላሩ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው፤ ርግብግቢቱ እየዞረ የሚሄድ ብርሃን ለመስታወቱ ወደ አንድ ወገን ያዳላ አይደለምና።

መንስኤው ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ጋቢ ይበቃል። ነጭ ጋቢ በጥላ ቦታ አንጠልጥሎ፣ ካሜራውን በአፐርቸር ፕራዮሪቲ (የሹተሩን ፍጥነት ካሜራው ራሱ በሚመርጥበት ሁነታ) አድርጎ፣ ክፈፉን በጋቢው ሞልቶ ፊልተሩን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ከጨርቅ የሚመለስ ብርሃን በየአቅጣጫው የተበተነ ስለሆነ ልኬቱ መለወጥ የለበትም፤ የሹተሩ ቁጥር ከፊልተሩ ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ ፊልተሩ ሊኒየር ነው። ሰማይን ወይም ውኃን እያነጣጠሩ መሞከር ግን አያዋጣም፤ እዚያ ብርሃኑ ራሱ በእርግጥ ይለዋወጣል።

ካሜራ ሳይኖርም ዓይነቱን በመስታወት መለየት ይቻላል። አንድ ዓይን ጨፍኖ ፊልተሩን በሌላው ፊት ይዞ በግድግዳ መስታወት ፊት መቆም፣ በፊልተሩ ውስጥ አሻግሮም መስታወቱ ላይ የሚታየውን የዚያኑ ፊልተር ምስል መመልከት ነው። ከሌንሱ ጋር የሚገጥመው ጎን ወደ መስታወቱ ሲዞር ምስሉ ከጨለመ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ብሩህ ከሆነ ሰርኩላር ነው። በሁለቱም በኩል ብሩህ ከሆነ ሊኒየር ነው። ቀለበቱ ላይ «ሲፒኤል» (የሰርኩላር ፖላራይዘር ምሕጻረ ቃል) ተብሎ መጻፉን ብቻ አምኖ መክፈል አይገባም፤ እኔ ከጽሑፉ ይልቅ መስታወቱን አምናለሁ።

መፍትሔው እንደ ካሜራው ይለያያል። በዲኤስኤልአር ለዘለቄታው የሚበጀው ሰርኩላር መግዛት ነው። ሥራው ተጀምሮ ሌላ ፊልተር ከሌለ ግን ላይቭ ቪውን፣ ማለትም በካሜራው ስክሪን እያዩ ማንሣትን፣ መክፈት ያድናል፤ መስታወቱ ተነሥቶ ብርሃኑ በቀጥታ ዋናው ሴንሰር ላይ ስለሚያርፍ፣ ልኬቱም ፎከሱም ከዚያው ይወሰዳል። ሌላው መንገድ ያለ ፊልተር ፎከስ ይዞና ብርሃን ለክቶ ሁለቱንም ወደ ማኑዋል መቀየር፣ ከዚያም ፊልተሩን ገጥሞ ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን መጨመር ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፤ ለምሳሌ 1/250 የነበረውን ሹተር ወደ 1/80 አውርዶ በሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ በሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ማረም ይቻላል። ሚረርለስ ካሜራ ያለው ሰው ግን በዚህ መጨነቅ የለበትም። እዚያ ያዘነበለ መስታወት የለም፤ ፎከሱንም ልኬቱንም የሚሠራው ዋናው ሴንሰር ነው። አውቶፎከስ ከመምጣቱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የፊልም ካሜራዎችም በሊኒየር ያለ ችግር ሠርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጠኛ ክፍል ባለ ደብዛዛ ቦታ ሰርኩላር ፊልተርም ፎከስን ሊያዳክም ይችላል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዓይነቶች ብርሃን ይቀንሳሉ። እንዲህ ባለ ቦታ መፍትሔው ፊልተሩን ማውለቅ ነው። ጥርጣሬ ካለ ወደ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ መሞከር ነገሩን ይለያል።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ከሊኒየርና ሰርኩላር ምርጫ የሚመነጩ አይደሉም፤ ሌላ ፊልተር በመግዛትም አይፈቱም።

ምልክት፦ ሰርኩላር ፊልተር ቢዞርም ነጸብራቁ አይለወጥም፣ ቀለሙ ብቻ ጥቂት ይቀያየራል

የፊልተሩ መስታወት በቀለበቱ ውስጥ ተገልብጧል። አቧራ ለመጥረግ የተፈታ ፊልተር ሲገጣጠም ይህ ይደርሳል፤ ብርሃኑ በመጀመሪያ የኋለኛውን ንጣፍ ስለሚያገኝ ፊልተሩ መምረጥ አይችልም። በላይ በተገለጸው የመስታወት ሙከራ ጨለማው በተቃራኒው ጎን ይታያል። መፍትሔው ፈትቶ መገልበጥ ነው።

ምልክት፦ ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላው ነጭ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ ወደ ጥቁር ያደላል

የሰማይ ብርሃን በእኩል አይመረጥም፤ ፊልተሩ እጅግ የሚሠራው ከፀሐይዋ በ90 ዲግሪ ርቆ ባለው የሰማይ መቀነት ላይ ነው። ሌባ ጣትን ወደ ፀሐይ አቅንቶ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ከዚያም እጅን በሌባ ጣቱ ዙሪያ ማዞር መቀነቱ የት እንደሚያልፍ ያሳያል። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ሳለች መቀነቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ በራስ ላይ ያልፋል። በዚህ ሰዓት በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ የፋሲልን ቤተ መንግሥት ከነሰማዩ የሚያነሣ ሰው መቀነቱንና ከመቀነቱ ውጭ ያለውን በአንድ ክፈፍ ስለሚይዝ ሰማዩ ይዥጎረጎርበታል። ጎንደር ግን አንድ ብልጫ አላት። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይዋ ቀን 6 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ መቀነቱ አድማሱን ዞሮ ስለሚከብ ከግንቦቹ በላይ ያለው ሰማይ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይጠቁራል። የሰው ፊት ለማንሣት ክፉ የሆነ ሰዓት ለግንብ መልካም መሆኑ ይገርመኛል።

ከመጠን በላይ መጥቆሩ ደግሞ ከከፍታው ይመጣል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሰማይዋ ያለ ፊልተርም ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ይህ ይብሳል። ፊልተሩን እስከ መጨረሻው ሳያዞሩ መካከል ላይ ማቆም፣ ሌንሱንም ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ ማድረግ ይበቃል።

ምልክት፦ የውኃው ነጸብራቅ አይጠፋም

ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ለጥምቀት የሚሞላው የፋሲል መጠመቂያ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከውኃ የሚመለሰው ብርሃን ሙሉ በሙሉ ሊገደብ የሚችለው እይታችን ከውኃው ገጽ ጋር 37 ዲግሪ ያህል ሲሠራ ነው፤ ለመስታወት 34 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከዳር ቁጢጥ ብሎ ማዶ ያለውን ውኃ የሚያነሣ ሰው እይታው እጅግ የተንጋለለ ስለሆነ የትኛውም ፊልተር አይረዳውም። ከእንጨት መቀመጫዎቹ ከፍታ ወደ ታች ማንሣት ይሻላል። በካህናቱ እጅ ያለው የብር ወይም የነሐስ መስቀል ብልጭታ ግን ከየትም ቢነሣ አይጠፋም፤ ብረት ነጸብራቁን እንደ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ አያዘነብለውም።

ምልክት፦ ፊልተሩ ተስተካክሎ ሳለ ፎከስ ሲያዝ ውጤቱ ይጠፋል

በአንዳንድ የቆዩ 18-55 ሌንሶች የፊት ክፍሉ ከፎከሱ ጋር ይዞራል፣ ፊልተሩንም ያዞረዋል። አስቀድሞ ፎከስ መያዝ፣ ከዚያ ፊልተሩን ማዞር ነው።

ስለ ግዢ ሲጠይቁኝ፣ በቦርሳው አንድም ዲኤስኤልአር ያለው ወይም ዕቃ ከጓደኛ ጋር የሚዋዋስ ሰው ሰርኩላር ብቻ ይግዛ እላለሁ፤ ሊኒየር በርካሽ የተገኘለት የሚረርለስ ባለቤት ግን ያለ ስጋት ይውሰደው። ለየሌንሱ የተለያየ ፊልተር ከመግዛት አንድ ባለ 77 ሚሊ ሜትር ገዝቶ ለ67ና ለ58 ማሸጋገሪያ ቀለበት መጠቀም ያዋጣል። በዚህ አገጣጠም ብዙ ጊዜ የሌንሱ ኮፍያ ስለማይገባ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ሌንሱን በእጅ ወይም በጃንጥላ መከለል ያስፈልጋል።